የዳማ ወገብ

በግ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ወገቡን በእጁ ሳይዳብስ ዋጋ አይጠራም። ጠጉር ያታልላል፤ ከሩቅ ሲያዩት የሰባ የሚመስል፣ ሲዳስሱት ግን አከርካሪው እጅ የሚቆረቁር በግ በየገበያው ሞልቷል። እማዬ ይህን የተማረችው አምቦበር ሳለች፣ አባቷን ተከትላ ገበያ ስትወርድ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት መጨረሻ አሽኬሎን አፍሪዳር ሰፈር እኔ ቤት መጥታ፣ ሶፋው ላይ ከጎኗ የተጋደመችውን ጥንቸላችንን ዳማን እያሻሸች ስታወራ ቆየችና እጇ የዳማ ወገብ ላይ ሲደርስ ወሬዋን አቆመች። ጣቶቿን ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ሰደደች። «ልጄ፣ ይቺ እንስሳ እኮ አልቃለች» አለችኝ።

ዳማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በደንብ የተያዘች የቤት ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለችና እንግዲህ አሮጊት ናት። ያመጣቻት ልጄ ናት፣ ትንሽ ተማሪ ሳለች፤ ዛሬ ልጄ ወታደር ሆና ሰሜን ስላለች አደራው እኔ ላይ ነው። ስሟን ያወጣችላት ደግሞ እማዬ፣ ቀለሟ የአባቷን ዳማ ፈረስ ስላስታወሳት። ስም እስክታወጣላት ድረስ ግን ጊዜ ወስዶባታል። ኦሪት ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ጋር ቆጥሯታል፤ ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም። በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ የንጽሕና ነገር በዋዛ አይታይም፤ እማዬ መጀመሪያ ላይ ጥንቸሏ ባለችበት ክፍል ውኃ እንኳ አትጠጣም ነበር። ነገሩን የቋጩት ቄሱ ናቸው። ሕጉ የከለከለው ሥጋዋን መብላትና በድኗን መንካት ነው፤ በሕይወት ያለችውን ማኖር አልተከለከለም፤ ካኖራችኋት ግን አታስርቧት አሉን። ከዚያ ወዲህ እማዬ ከቤቴ ስትመጣ ከእኔ በፊት የምትጠይቀው ዳማን ሆነ።

የኩሽናውን ሚዛን አውጥቼ፣ ሰፌድ አስቀምጬበት፣ ዳማን አኖርኳት። 1.9 ኪሎ። በደህና ጊዜዋ ሐኪም ቤት የተጻፈላት ካርድ ላይ ያለው 2.3 ነው። አራት መቶ ግራም ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሰውነቷ ከስድስት እጅ አንዱን ይበልጣል፤ ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢሆን ዐሥር ኪሎ ጎደለበት ማለት ነው። ጥንቸል ደግሞ ታዳኝ እንስሳ ናት፤ ሕመሟን ለማንም አታሳይም። ዱር ውስጥ ያነከሰና የደከመ ቀድሞ ስለሚበላ፣ መደበቅ ከእናቷ ማሕፀን ይዛው የመጣችው ጠባይ ነው። የብርዱ ወራት ጠጉር ሲጨመርበት ዓይን ብቻውን ምንም አይነግርም። ጥንቸል ያለው ሰው ሁሉ ሚዛን ይኑረው፣ በየሳምንቱም ይመዝን ብዬ ለሰው ሁሉ የምናገረው ለዚህ ነው። እኛ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ እንመዝናለን፤ ሰንበት ከገባ ሚዛን አይነካም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ፍርሃትን ነው። አፍሪዳር የደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ገንዘብ አዋጥተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቆረቆሩት፣ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ አትክልት የበዛበት፣ ለባሕሩ የቀረበ ሰፈር ነው። ከጋዛ ድንበር ያለን ርቀት ግን 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲሶቹ ቤቶች ማማድ የሚባል የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል አላቸው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ የመጣ ግዴታ ነው። የእኛን የመሰለ አሮጌ ቤት የለውም። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ አዛቃው፣ የማስጠንቀቂያው ደወል፣ ሲጮኽ ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ዳማን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ሚክላቱ፣ ወደ ጋራ መጠለያው፣ እሮጥ ነበር፤ የኋላ እግሯን መሬት ላይ እየደበደበች፣ ልቧ በፎጣው ውስጥ ሲመታ እየተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ምግብ አትነካም። ስለዚህ የእማዬን እጅ ያስደነገጠው ክሳት ያ የፍርሃት ዘመን የተወው ነው ብለን ነበር።

ወሬው ሲሰማ ምክር ጎረፈ። ፎቅ ያሉት አዛውንት ዳቦ ይዘው ወረዱ። አንዷ ጎረቤት ሙዝ፣ ሌላዋ አጃ። የባለቤቴ እህት ቆሎ ቆላችላት፤ ሱፍም ጨምራበት። ሁሉም ከደግነት የመጣ ስለሆነ እንቢ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልሁ። የጥንቸል አንጀት የተሠራው ለሣር ነው። ሆዷ ውስጥ ትልቅ የመፍያ ከረጢት አለ፤ እዚያ የሚኖሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ሣሩን አብላልተው ምግብ ያደርጉላታል። ዳቦ፣ ስኳርና ጥራጥሬ ሲበዛ ግን ክፉዎቹ ይባዛሉ፣ ጋዝ ይሞላል፣ አንጀቷ ይቆማል። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ የገባው የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የከሳች ጥንቸል በዳቦ ትወፍር ይሆናል፤ ሳትወፍር መሞቷ ግን ይቀርባል። ሽንኩርት ያመጣልኝም ነበር። የግሪኩ ስትራቦን ከ2,000 ዓመት በፊት የአስቀሎናን፣ የዛሬዋን አሽኬሎን፣ አገር በሽንኩርቷ አመስግኖ ጽፎላታል፤ ዛሬም የሽንኩርት ፍቅራችን አልቀነሰም፤ ለጥንቸል ግን ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም መርዝ ነው፣ ደሟን ያበላሽባታል።

በአካባቢያችን የጠየቅኋቸው የእንስሳት ሐኪሞች ውሻና ድመት እንጂ ጥንቸል እንደማያክሙ ነገሩኝ። ጥንቸልና ወፍ የምታውቅ ሐኪም ሬሆቮት ተገኘች። መኪና ስለሌለን ከአሽኬሎን በባቡር ሄድን፣ ዳማ በመሸከሚያ ሳጥኗ፣ እማዬ ከጎኔ፣ የዳማ ድርቆሽ በከረጢት። ጥንቸልን መንገድ ላይ ማስራብ የለብንም፤ አንጀቷ ባዶ መሆን የለበትም። አሽዶድን እንዳለፍን ያረጀው የሳጥኑ መቀርቀሪያ ተሰብሮ በሩ ወደቀና ዳማ ዘልላ ወጣች። ያን ያህል አቅም አላት ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባቡሩ ወደየጦር ክፍላቸው በሚመለሱ ልጆች ሞልቷል፤ ጠመንጃቸውን ለጓደኞቻቸው እየሰጡ ከወንበሩ ሥር ተንበረከኩ። አንዱ ያዛት፣ አፈተለከች። እማዬ በአማርኛ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ወገቧን!» እያለች ትጮኻለች። የሚገርመው የሰማት መኖሩ ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ የእኛው ልጅ ተነሥቶ፣ «እሺ እማማ» ብሎ መጣና ወለሉ ላይ ተኝቶ ዝም ብሎ ጠበቃት። ስትጠጋው አንድ እጁን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርጎ ወደ ደረቱ አስጠግቶ አነሣት። በትክክል እንደዚያ ነው የምትያዘው። የጥንቸል የኋላ እግር ብርቱ ነው፣ አጥንቷ ግን ቀላል፤ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከተወራጨች የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። ልጁ ቤታቸው ጥንቸል እንደነበራቸው ነገረን። እማዬ መረቀችው፣ የእናቱን አገር ጠየቀችው፣ ከዚያም ዘመድ መቁጠር ተጀመረ። ሬሆቮት እስክንደርስ ዳማ እቅፉ ውስጥ ነበረች።

ሐኪሟ ዳማን አስቀምጣ መጀመሪያ ያደረገችው እማዬ ያደረገችውን ነው፤ ጣቶቿን ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ሰደደች። እማዬ አየችኝ። ከዚያ የምግብ ነገር ተጠየቅሁ። እንክብል መኖ ሳስቀምጥላት ሮጣ ትመጣለች፣ ድርቆሹን ግን አንሥታ ትጥለዋለች አልኋት። «እንግዲያው ፍላጎቷ አልጠፋም፣ ማኘኩ ነው ያቃታት» አለችና ጫፉ መብራት ባለው መሣሪያ አፏን አየች። የጥንቸል ጥርስ 28 ነው፣ ዕድሜዋን ሁሉ ያድጋል። የፊት ጥርሷ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የመንጋጋዋም አይቆምም። የሚያሳጥረው ረጅም ሣር ቀኑን ሙሉ ማኘክ ነው። የዳማ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ዳር ዳሩ ሾሎ ምላሷን አቁስሎታል። ሣር ማኘክ ሲያማት ተወችው፣ ስትተወው ጥርሱ ይበልጥ ሾለ።

በዚያ አላበቃም። ራጁ የወገቧን አጥንቶች በዕድሜ ብዛት የሻከሩ፣ የተያያዙም አድርጎ አሳየ። ይህ ከክሳት ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ጠየቅሁ። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ አላት፤ አንዱ ደረቁ፣ ወለል ላይ የምናየው። ሌላው ለስላሳ፣ በወይን ዘለላ መልክ የተያያዘ፣ ከዚያ የመፍያ ከረጢት የሚወጣ፤ ይህን ራሷ ከሥሯ በአፏ ተቀብላ ትበላዋለች። ፕሮቲንና ቪታሚን ቢ የምታገኘው ከዚያ ነው፤ እንደ ላም አራት ክፍል ያለው ሆድ ባይኖራትም ሣሩን ሁለት ጊዜ የምታሳልፈው በዚህ መንገድ ነው። ወገቧ የታሰረባት አሮጊት ግን ጎንበስ ብላ አትደርስበትም። ከሥሯ ጠጉሯ ላይ ይጣበቅባታል፣ ምግቡም ይቀርባታል። ይህን ለእማዬ ስተረጉምላት፣ «አየሽ፣ ማመስኳቷ አልቀረም እኮ፤ ኦሪት አልተሳሳተም» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ለኩላሊቷና ለጉበቷ ደም ተወሰደ፤ ደህና ሆነ። በሌላ ቀጠሮ በማደንዘዣ አስተኝተው የሾለውን ጥርስ ሞረዱላት። ከማደንዘዣው በፊት ጾም እንዳታድር አጥብቃ ነገረችኝ፤ ለሰው የሚባለው ለጥንቸል አይሠራም። ለወገቧ በየቀኑ የሚጠጣ ሜሎክሲካም ታዘዘ፤ መጠኑን ሐኪም በክብደቷ ለክቶ የሚሰጠው እንጂ ከሰው መድኃኒት ሣጥን የሚወሰድ አይደለም። ስለ አዛቃውም ጠየቅኋት። ፍርሃት አንጀትን ለቀን ሊያቆም ይችላል፣ ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች በጠጧም ከቀረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፤ የወራት ክሳት ግን ሌላ ምክንያት አለውና ምክንያቱ ሳይታወቅ ማወፈር አይጀመርም አለችኝ። ለዕድሜዋ ነው ብለው የሚተዉት ሰዎች ብዙ መሆናቸው ያንገበግበኛል። ዕድሜ በሽታ አይደለም። ጥርስ፣ ኩላሊት፣ መገጣጠሚያ፣ ለሴቷ ደግሞ ማሕፀን፤ ካልመከነች ማሕፀኗ ላይ ካንሰር የሚወጣባት ብዙ ናት። ዳማ በልጅነቷ መክናለች፣ ከዚያኛው ተርፋለች።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ከሐኪሟ ስንወጣ ቀኑ ገና ስለነበር ኪርያት ሞሼ ያሉትን የእማዬን ዘመድ ሳንጠይቅ ማለፍ አይቻልም። እትዬ በሩ ላይ ሳጥኑን አዩና፣ «እንስሳዋን ይዛችሁ ነው ወደ ቤት የምትገቡት?» አሉ። ስለዚህ ቡናው ግቢ ተፈላ። እማዬ ቄሱ ያሉትን ብትነግራቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ ግን ጎንበስ ብለው በሽቦው መሐል አዩዋትና አንጀታቸው ተላወሰ። ድፎ ቆርሰው መጡ። እኔ አይሆንም ስል፣ «የከሳን እያየሁ እጄን አጥፌ ልቀመጥ?» ብለው ተቆጡ።

መልሱን የሰጠችው እማዬ ናት። «እትዬ፣ ኡም ራኩባን ረሳሽው?»

እትዬ ድፎውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ሁለቱም በ1984 ከጎንደር በእግር ወጥተው ሱዳን የደረሱ ናቸው፤ ኡም ራኩባ ገዳሪፍ አጠገብ ያለው መጠለያ ነው። በዘመቻ ሙሴ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 ሰው ወደ እስራኤል ተወስዷል፤ በመንገድና በመጠለያዎቹ ያለቀው ወደ 4,000 እንደሚሆን ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እማዬ ስለዚያ ጊዜ ለእኛ ብዙ አትነግረንም። ያን ቀን ግን፣ ቡናው እየቀዘቀዘ፣ አንዲት ሴት ስትራብ ከርማ ራሽኑ ሲመጣ እስክትጠግብ እንደበላች፣ በማግሥቱም እንዳልነቃች ተናገረች። ከዚያ በኋላ እናቶቹ ቀጭን አጥሚት በስኒ እየለኩ፣ ጥቂት ጥቂት፣ የሚያለቅሰውን ልጅ እንኳ እንቢ እያሉ መስጠት እንደለመዱ። ሰውነት በረሃብ ከተዳከመ ምግቡ ራሱ እንደሚገድል ሐኪሞች ዛሬ ያስተምራሉ፤ እነዚህ ሴቶች ያወቁት ሬሳ እየቀበሩ ነው። ሰውን ከጥንቸል ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ እማዬም አላስተካከለችም። እጇ የሚያውቀውን ነው የተናገረችው። እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «ታዲያ ምን ይሰጣታል?» ብለው ጠየቁ።

የሚሰጣት ይሄ ነው። መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ሁልጊዜም ድርቆሽ፤ ከምትበላው ከዐሥር እጅ ስምንቱ እሱ ነው። በዋናነት ቲሞቲ የሚባለው ሣር። አልፋልፋ ፕሮቲኑና ጉልበት ሰጪነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የከሳችን ያነሣል፤ ካልሲየሙ ግን ብዙ ነው፤ ጥንቸል ከበላችው ካልሲየም አብዛኛውን ወደ ደሟ ታስገባና ትርፉን በሽንቷ ታስወጣዋለች፣ ሲበዛ ፊኛዋ ውስጥ እንደ ኖራ ይዘቅጣል። ስለዚህ ኩላሊቷ ደህና መሆኑ በደም ስለታየ ብቻ ከቲሞቲው ጋር ጥቂት እንድቀላቅል ተፈቀደልኝ። መኖው በኪሎ ክብደቷ 25 ግራም ገደማ፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ፣ በጠጧ እየታየ ነው። በጠጧ ካነሰ ወይም ከለሰለሰ ወደ ቀድሞው መመለስ። ቁስሉ እስኪድን መኖውን ለብ ባለ ውኃ አላቁጬ ሰጠኋት። ከዓርብ ገበያ የድንብላል ቅጠል፣ ሻሚር የሚሉት ቅጠል፣ ናና፤ እማዬ ከጓሮዋ በሶብላ ቀንጥሳ ልታመጣ ፈለገች፣ ሐኪሟ ጥቂት ቅጠል ይሁን አለች። ጤና አዳም ግን ለቡናችን ይቅር።

ጥርሷ በተሞረደ ሰሞን በደንብ ስላልበላች በውኃ የሚበጠበጥ የሣር ዱቄት በስሪንጅ መስጠት ነበረብኝ። እማዬ ይህን ከእጄ ወሰደችው፤ ጉርሻ ማንም አያስተምራትም። ግን የእኛ ጉርሻ አፍ እስኪሞላ ነው፤ የዳማ ጉርሻ ጠብታ ነው። ከፊት ጥርሷ ጀርባ ባለው ክፍተት በጎን በኩል አስገብቶ፣ ጥቂት ሰጥቶ፣ እስክትውጥ ጠብቆ። ራሷን ወደ ላይ ማቅናት የለም፣ በጀርባ ማስተኛት የለም፤ ወደ ሳንባዋ ከገባ ያበቃል። እማዬ ሶፋው ላይ ፎጣ ዘርግታ፣ «እንኪ የኔ እመቤት» እያለች ስትሰጣት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። በልጅነታችን እንዲህ ስታጎርሰን አላስታውስም። ያኔ የምታጎርሰው ነገር አልነበራትም።

ድርቆሹ ራሱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ርካሽ ነው ተብሎ በትልቁ ያዘዝኩት ጥቅል ሲመጣ ቢጫ፣ ባዶ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። እማዬ አንድ እፍኝ አንሥታ አሸተተችው። «ይሄ ጭድ ነው።» እውነቷን ነው፤ እህሉ ከተወቃ በኋላ የቀረ አገዳ፣ ለመኝታ እንጂ ለምግብ የማይሆን። ሆድ ይሞላል፣ አካል አይሠራም። ድርቆሽ አረንጓዴው ሳይለቀው፣ ፍሬ ሳይዝ ታጭዶ የደረቀ ነው፤ ሲያሸቱት መስክ ይሸታል። ሻጩ ጥንቸል ድርቆሽና ጭድ አትለይም ብሎ ተከራከረኝ፤ ዳማ ግን ለይታ አልነካችውም። ጭዱን እግሯ ሥር አነጠፍንላት። ስለ ድርቆሽ ስናወራ አሜሪካ ውስጥ ጤፍን ለእህሉ ሳይሆን ለድርቆሹ የሚዘሩ ገበሬዎች እንዳሉ፣ ሳያፈራ አጭደው ለፈረስ እንደሚሸጡት ለእማዬ ነገርኋት። ያን ያህል የደነገጠችበት ነገር ትዝ አይለኝም። «ጤፍ ሳያፈራ?» ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ማታም ስልክ ደውላ ጠየቀችኝ።

የቀረው ቤቱን ማስተካከል ነበር። የሴራሚክ ወለሉ ለአሮጊት ወገብ ስለሚያንሸራትት ከመኝታዋ እስከ ምግቧ ምንጣፍ ዘረጋን። የሽንት ሳጥኗን ግድግዳ በአንድ በኩል ቆርጠን አወረድነው፤ ድርቆሹንም እዚያው፣ አንገቷን ሳታቀና ከምትደርስበት ቦታ። ውኃ በጎድጓዳ ሳሕን፤ ከጠርሙስ ከመጥባት ይልቅ ብዙ ትጠጣለች። ከሥሯ በየቀኑ እናያለን፣ የተጣበቀ ካለ ለብ ባለ ውኃ ይጠረጋል፤ ይህ በበጋ ሲተው ዝንብ እንቁላል ይጥልባታል። የአሽኬሎን በጋ ደግሞ ሙቀቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ነው፤ ጥንቸል አታልብም፣ ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋ ነው፤ ስለዚህ ማዝጋኑ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ ለእርሷ ሲባል ይሠራል፣ የመብራት ሂሳቡን ባለቤቴ አይቶ ዝም ብሏል።

ዓርብ ዓርብ ቁጥሩን የምትጽፈው እማዬ ናት። ቁጥር መጻፍ የተማረችው እዚህ አገር በአዋቂዎች ትምህርት ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የእርሷ ነው። 1.9 ለሳምንታት ቆመ። ከዚያ 1.94። ከዚያ 1.92 ወረደና ሁላችንንም አስጨነቀን፤ ሐኪሟ ግን ጥንቸል ሆዷ ሲሞላና ሲጎድል ብቻ ይህን ያህል ልትለዋወጥ ትችላለች፣ የአንድ ሳምንት ቁጥር ሳይሆን አካሄዱን ተመልከቱ አለች። 1.98። 2.03። ልጄ ከሰሜን ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው፤ 2.3 እንዲሞላም ትጎተጉታለች። ሐኪሟ አይሆንም ብላለች። ወገቧ ለታመመ አሮጊት የቀድሞው ክብደት ሸክም ነው፤ ወደ 2.1 ከደረሰች፣ አከርካሪዋ ሲዳሰስ ሥጋ ከለበሰ፣ እዚያ ይቁም አለች። እናትና ልጅ በስልክ ተከራከርን፤ እማዬ ከሐኪሟ ጋር ናት።

በሚቀጥለው ወር ደሟ እንደገና ይታያል። ሰሞኑን ሽንቷ ነጣ ማለት ስለጀመረ ውጤቱ እስኪመጣ አልፋልፋውን በግማሽ ቀንሰን በቲሞቲ ተክተነዋል፤ ሻሚሩም እንዳለ ነው።